የጋሽ ግዛው ቀኝ እጅ

ጋሽ ግዛውን ባለፈው ወር ቀበርናቸው። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ያንሾካሾኩ መስሏቸው ያወራሉ።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለ አንደኛው።

«ነበሩ» አለ ሌላው። «በስተመጨረሻ ያቺ መኪና አበላሸቻቸው እንጂ። ዋጋዋን ከሰሙ ወዲህ ሰው መጫን ቀርቶ ሰላምታ እንኳ ይቆጥቡ ነበር። ገንዘብ የማይቀይረው የለም።»

ዞር ብዬ ልመልስለት ስል አጠገቤ የተቀመጡት ባለቤታቸው፣ እትዬ አስካለ፣ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ግን ቤት ጠሩኝ።

«ሰናይት፣ አንቺ የአማርኛ አስተማሪ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ጻፊው። እሱ ስላስማለሽ ዝም ብለሽ ኖረሻል። አሁን ግን የለም። ባሌ ስስታም ተብሎ እንዲቀር አልፈልግም።»

እኔም አልፈልግም።

በሐረር ጋሽ ግዛውን በስማቸው የማያውቃቸው ሰው በመኪናቸው ያውቃቸው ነበር። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ቀይ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች የእሽቅድምድም መኪና። አባታቸው ለአንድ የግሪክ ቡና ነጋዴ ሾፌር ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ነጋዴው አገር ለቆ ወጣ፤ መኪናዋንም ለሾፌሩ ትቶለት ሄደ። በደርግ ዘመን «የቡርዧ መኪና» እንዳትባል ጭድ ተከምሮባት ጓሮ ውስጥ ዓመታት ተኛች። አባትዬው ሲያርፉ ጋሽ ግዛው ጭዱን አነሡና አስነሷት። ከዚያ ወዲህ የጂኦግራፊ አስተማሪው ሥራ የሚገቡት በሷ ነበር። እጅግ አጭር ስለነበረች ከተማው «ጫማ» የሚል ስም አወጣላት። ተማሪዎቹ በመስኮት እያዩ «ቲቸር ጫማቸውን አድርገው መጡ!» ይላሉ። እሳቸውም እየሰሙ ይስቃሉ።

ያን ጊዜ ዋጋ አልነበራትም። ዕቃ አትጭን፣ ቤተሰብ አታወጣ፤ ማን ይፈልጋታል? «ሁለት ወንበር ምን ይሠራልዎታል? ሽጠው ሚኒባስ ይግዙ» የማይላቸው አልነበረም። ያቺ ሁለተኛዋ ወንበር ግን ባዶዋን ስትሄድ አላየሁም። ከሸዋ በር ገበያ ዘንቢል የተሸከመች ሴት ካዩ ያቆማሉ። ቄስ ጭነዋል፤ አንዴ ደግሞ ለበዓል በግ የገዛ ሰው ከነበጉ ጭነው፣ በጉ በተከፈተው ጣሪያ አንገቱን አውጥቶ ፈረስ መጋላን ሲያቋርጥ አደባባዩ ሥራ ፈትቶ ነበር።

እኔን ያገኙኝ ትምህርት ቤቱን በተቀላቀልኩበት ሰሞን ነው። ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነው፤ ስራመድ እጎትተዋለሁ። ዳገቱ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ መኪናዋ አጠገቤ ቆመች።

«ግቢ ልጄ።»

«አመሰግናለሁ፣ ደርሻለሁ።»

«የት ነው የደረስሽው? ዳገቱ እኮ ገና መጀመሩ ነው።»

ገባሁ። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ መሆኑን ያወቅነው የዚያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በሬ ላይ ክላክስ ያሰማሉ። ያላገባች ሴት ባለትዳር ሰው ጎን በየቀኑ በዚያች ጠባብ መኪና ስትሄድ ከተማ ዝም አይልም። ወሬው እትዬ አስካለ ጆሮ ሲደርስ መልሳቸው አጭር ነበር። «ወንበሩ ሁለት ነው፤ አንዱ የግዛው፣ አንዱ የእግዜር እንግዳ። በእግዜር እንግዳ የምቀና ሰው አይደለሁም።»

የመኪናዋ ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት አኩራፊ ነበር። ዘይቱ እስኪሞቅ አይገባም፤ ካስገደዱት ይጮኻል። ስለዚህ ጋሽ ግዛው ከአንደኛ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ይዘላሉ። መኪናዋ እያጉረመረመች ትሄድና ሸዋ በር አካባቢ ስትደርስ፣ «አሁን ነቃች» ይሉና ማርሹን በሁለት ጣት ብቻ ወደ ሁለተኛ ይስቡታል። ድምፅ የለውም።

«እንዴት ያውቃሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እጄ ይሰማል።»

«እጅ ይሰማል እንዴ?»

«ነይ፣ እጅሽን አምጪ።»

የማርሹ ዘንግ በኔ ግራ በሳቸው ቀኝ፣ በሁለታችን መሐል ነው የቆመው። ግራ እጄን ጉልላቱ ላይ አስቀመጡትና የሳቸውን ከላይ አደረጉበት። በእግራቸው ፍሪሲዮኑን ረገጡ፤ ሞተሩና ካምቢዮው የሚለያዩት በዚያ ፔዳል ነው። ዘንጉ እጄ ውስጥ ላላ አለ። ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት ከሥር አንድ ዓይነት ንዝረት፣ እንደ ድመት ማንኮራፋት ያለ፣ መዳፌን ነካኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጥርስ ጥርስን እየጠየቀ ነው። ግባ እስኪለው ትጠብቂያለሽ። ማርሽ አይገፋም ልጄ፤ ይሸኛል። በር ድረስ ትሸኚዋለሽ፤ ከዚያ ራሱ ይገባል።»

ንዝረቱ ጸጥ አለ፤ ዘንጉም ከእጄ አምልጦ የገባ ያህል ቦታው ገባ። በሕይወቴ መኪና እነዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ይሄ ግራ እግር ፍሪሲዮን የመርገጥ አቅም የለውም። የዚያን ቀን ግን እግር የማይጠይቀውን ግማሹን ሥራ እጄ ሠራው። ውሎ አድሮ ሁሉንም ማርሽ ተማርኩ። ከጊዜ ብዛት እሳቸው ይረግጣሉ፣ እኔ አስገባለሁ፤ ቃል እንኳ አንለዋወጥም። የሞተሩን ድምፅ ሰምተን ሁለታችንም እናውቃለን። አንዳንዴ እኔ ስቸኩል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ «በር አንኳኪ እንጂ፣ ገንጥለሽ አትግቢ» ማለታቸው ነው። የባጃጅ ሾፌሮች አጠገባችን ሲያልፉ «ማን ነው የሚነዳው?» ብለው ይጮኻሉ። «ለሁለት ነው!» ይላሉ ጋሽ ግዛው።

ከትምህርት ቤት መልስ ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከልጅነት ጓደኛቸው ከሐጂ አብዱራሂም የጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት እናቆማለን። ሐጂ የጀጎል ሰው ናቸው፤ ሱቁም ከአባታቸው የወረሱት ነው። «አማን ናችሁ?» ብለው ይቀበሉንና ለኔ በርጩማ ያወጡልኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በመንገደኛው እየቀለዱ እስኪመሽ ይጨዋወታሉ። አሁን ሳስበው እነዚያ ዓመታት ምንም ሥጋት አልነበረባቸውም።

ሥጋቱ የመጣው በስልክ ነው። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎብኚ መኪናዋ ፈረስ መጋላ ላይ ቆማ ሳለ ቪዲዮ አንሥቶ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። የድሮ መኪና ዋጋ ሽቅብ የወጣበት ሰሞን ነበር። ሀብታሞች የአባቶቻቸውን ዘመን መኪና ሰብሳቢ ሆኑ፤ እዚህም ከተማ ጓሮው ውስጥ ዝገት የበላው አሮጌ መኪና የነበረው ሁሉ አውጥቶ ያጥብ ጀመር። የጋሽ ግዛው ስልክ ግን ፋታ አጣ። ደላላ በደላላ ላይ። አንዱ የጠራው ዋጋ ከሌላው ይበልጣል። ያን ያህል ገንዘብ በአስተማሪ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠርቶ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ጋሽ ግዛው ይስቁ ነበር። «ጫማዬን ነው የምትፈልጉት? ባዶ እግሬን ልሂድ?» ይሏቸዋል።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ እንደ ወትሮዬ እጄን ወደ ማርሹ ስሰድ፣ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ተይው ልጄ። ዛሬ እኔ ላስገባው።»

ደነገጥኩ። ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ሲያሳልፉ ማርሹ ጮኸ። ጋሽ ግዛው ማርሽ ሲያስጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ፊታቸውን አየሁት፤ በዚያ ብርድ ላብ ግንባራቸው ላይ ተንጠባጥቧል። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ጮኸ። እጄን ልዘረጋ ስል «ተይ አልኩሽ!» ብለው ጮኹብኝ። ጮኸውብኝም አያውቁም። ትምህርት ቤት እስክንደርስ በሦስተኛ ማርሽ እየተንገጫገጭን ሄድን።

በማግሥቱ ክላክስ አልሰማሁም። በር ላይ ሳገኛቸው ዓይኔን ሳያዩ፣ «መኪናዋን ላሳርፋት ነው። ዋጋ አውጥታለች፤ ባጃጅ ቢጭራትስ?» አሉኝ። ግቢያቸው አዲስ ቁልፍ ገባለት። መኪናዋ ሸራ ለበሰች። ፈረስ መጋላ መውጣት ቀረ። ከተማውም የሚለውን አለ፤ ገንዘብ ቀየራቸው። ለኔ ጠዋት ጠዋት ባጃጅ መጠበቅ፣ ባጃጅ ሲጠፋም ዳገቱን መውጣት ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ከዚያ የተለየ አላሰብኩም።

ሐጂ አብዱራሂም ግን ሊጠይቋቸው ቤት ድረስ መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ያ ግዛው» አሉ፣ ሸራውን በጣታቸው ነካ አድርገው። «ወላሂ፣ ይቺ መኪና አማና፣ አደራ ናት። አላህ ነው የሰጠህ። አማና ይጠበቃል እንጂ አይታሰርም። ምን ሆነሃል?»

«ምን እሆናለሁ ሐጂ? የሌባ ዘመን ነው።»

«ሌባ ሱቄ ደጃፍ ድረስ ቢመጣ እኔ አለሁ አይደለም?»

ሐጂ ሲሰናበቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ ግዛው ግን በግራ እጃቸው ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው ሸኟቸው። የሐጂ ፊት ጠቆረ። የልጅነት ጓደኛ እጅ ተዘርግቶ ሲቀር ማየት ከባድ ነው።

በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት የነበሩትን ወራት ሳስታውስ፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ተማሪዎች ነበሩ። «ካርታ በአፍ ነው የሚማሩት» ይሉ ነበር ለሚጠይቃቸው። ያኔ አልገረመኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ባትሪዋ እንዳይሞት መኪናዋን ግቢ ውስጥ ያስነሷታል። ወደ ፊት ጥቂት፣ ወደ ኋላ ጥቂት። ከግድግዳው ማዶ ሆኜ እሰማለሁ፤ ማርሹ በየጊዜው ይጮኻል። ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ የሚወጣው ድምፅ ለማያውቀው ተራ ጫጫታ ነው፤ እኔን ግን ጥርሴን ያመኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጩኸቱ በረዘመ ጊዜ አልቻልኩም። እትዬ አስካለ ገበያ ነበሩ። የግቢው በር ገርበብ ብሎ አገኘሁትና ገባሁ።

ጋሽ ግዛው መሪው ላይ ተደፍተው ግራ እጃቸውን በደረታቸው አሻግረው ማርሹን ይታገላሉ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቶ፣ በውሰት የተቀመጠ የሰው እጅ ይመስላል። ሲያዩኝ ሞተሩን አጠፉ።

«ቀኝ እጅዎ ምን ሆነ?»

«አይሰማም» አሉ። «አንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነሣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ግን አይሰማም። ማርሹን ስይዘው እንጨት ይሁን ብረት አላውቅም።»

«ያን ጠዋት... ተይው ያሉኝ ጠዋት?»

«አዎ። ተመልሶ እንደሆን ልሞክረው ብዬ ነበር።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገሩንም? ሰው እኮ ገንዘብ ቀየራቸው እያለ ነው!»

«ይበል» አሉ። «ስስታም ቢሉኝ ይቆጡኛል እንጂ አያዝኑልኝም። ሽባ ካሉኝ ግን ያዝኑልኛል። እሱን አልችለውም ልጄ። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። እግሬን አይተው ከንፈር የሚመጥጡ ሰዎች መሐል ነው ያደግኩት። የተረዳሁትም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተናደድኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አስካለ አትስማ። ማይልኝ።»

ማልኩ። የከፋው ጊዜ ከዚያ በኋላ መጣ። ሌሊት ተኝቼ ነቅቼ ግድግዳውን አዳምጣለሁ፤ ቢወድቁስ? ሁለተኛ ቢመታቸውስ? ትምህርት መሐል ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። እትዬ አስካለ ሲመጡ ደግሞ ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል። «ግዛው እንቅልፍ አጥቷል» ይሉኛል። «ደላሎቹ ናቸው ወይስ ሌላ ነገር አለ?» እኔ ሻይ አፈላለሁ። በመጨረሻ ለጋሽ ግዛው ቁርጡን ነገርኳቸው። «ወይ ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ወይ መሐላዬን አፈርሳለሁ።» በባጃጅ ሄድን። ሐኪሙ ደም ግፊታቸውን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ የደም ሥር ችግር ጭንቅላታቸውን ነክቷቸው አልፏል፤ ቶሎ ቢመጡ ይሻል ነበር፤ አሁንም መድኃኒቱን ካላቋረጡ ይኖራሉ፤ እጁ ግን እንደ ድሮው መመለሱን እንጃ አለ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ «እሸጣታለሁ» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ጥርሷን እየፈጨሁት ነው። እኔው እየገደልኳት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ለሚደውል ሁሉ ዋጋ ሳይሆን ሌላ ነገር ይጠብቁ ነበር። ምን እንደሆነ አይናገሩም። አንዱ ስለ ቀለሟ ይጠይቃል፣ አንዱ ስለ ሊብሬዋ፣ አንዱ የመጨረሻው ስንት ነው ይላል። ሁሉንም «አስብበታለሁ» ብለው ይዘጉታል። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ደወለና፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ሁለተኛው ማርሽ ጠዋት ይገባል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ግዛው ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። «አይገባም» አሉት። «እስክትሞቅ መታገሥ ነው።» ሰውየው «አውቃለሁ፤ አባቴም እንዲህ ያለች ነበረችው» አላቸው። ከሌሎቹ ያነሰ ዋጋ ነበር የሰጠው። ለሱ ሸጡለት።

ሰውየው መኪናዋን ከድሬዳዋ ሊረከብ ተስማማ፤ ከዚያ በትልቅ መኪና አስጭኖ ይወስዳታል። ከሐረር ድሬዳዋ እንዴት ትሂድ? ገዢው እዚሁ ድረስ ጫኝ ልላክ አለ። ጋሽ ግዛው እምቢ አሉ። «አስከሬን አይደለችም። በእግሯ ትሄዳለች።»

«ማን ይነዳታል?» አልኩ።

አዩኝ። «እግሬ ጤነኛ ነው። ግራ እጄ መሪ ይይዛል።»

ማርሹ ለኔ ቀረ። የጅል ሥራ መሆኑን አውቅ ነበር። ደንገጎ ላይ ያለው ቁልቁለት በጤነኛ ሰው እጅ እንኳ ያስፈራል፤ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ ሜዳ ይወርዳል፤ ጫት የጫኑ መኪናዎች ደግሞ እንደ ጥይት ይወርዱበታል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እሺ አልኩ።

ጠዋት ሸራውን ስናነሣ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ጋሽ ግዛው «ሰናይትን ድሬዳዋ አብሬያት...» ብለው ውሸት ሲጀምሩ አቋረጧቸው።

«ግዛው፣ አትድከም። ባሌ በር በየትኛው እጁ እንደሚቆልፍ የማላውቅ ይመስልሃል? ለምን ግራ እጅህ እንደሚያጎርስህስ? የምትነግረኝን ቀን እየጠበቅኩ ነበር።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ፣ «ዛሬ ቀኝ እጁ አንቺ ነሽ። አደራ» አሉኝ።

ጋሽ ግዛው አንገታቸውን ደፍተው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ወጣን። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ሰው ሲያየን ያፏጫል። ሐረማያን አለፍን። እስከዚያ ድረስ ማርሾቹ እንደ ድሮው ገቡልኝ። እጄ አልረሳም። እሳቸው ይረግጣሉ፣ እኔ አስገባለሁ።

ደንገጎ ደረስን። መንገዱ ጠርዝ ላይ ሰበር ብሎ ታች ሜዳው ወለል አለ። በሦስተኛ ማርሽ ወርደን ሁለት ጥምዝ አለፍን። ፍጥነቷ ጨመረ፤ ጋሽ ግዛው ፍሬን ረገጡ፤ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ከኋላችን ጫት የጫነ መኪና መብራቱን እያበራ፣ ክላክሱን እየነፋ ተጣበቀብን።

«ሁለተኛ» አሉ።

ፍሪሲዮኑን ረገጡ። ሳብኩት። ጮኸ።

«አልገባም!»

«አትግፊው።»

«ጋሽዬ፣ ሰውየው ሊወጣብን ነው!»

«እሱን ተይው። ገደሉንም ተይው። እጅሽን ብቻ ስሚ።» ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ካርታ ሲያስረዱ እንደነበረው የተረጋጋ ነበር፤ መሪውን የጨበጡት የግራ እጃቸው ጣቶች ግን ነጥተዋል። «ሁለቴ ነው የምረግጠው። መጀመሪያ መሐል አቁሚው።»

መሐል አቆምኩት። እግራቸውን አነሡ፣ ቤንዚን ሰጧት፣ ሞተሩ ጮኸ፤ እንደገና ረገጡ። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዤ ሳብ አደረግኩት። ንዝረቱ መዳፌ ላይ መጣ። ጠብቂ። ከፊታችን ጥምዙ እየቀረበ ነው። ጠብቂ። ክላክሱ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው። ንዝረቱ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጸጥ አለ። ማርሹ ራሱ ገባ።

መኪናዋ ልጓም እንደ ተያዘ ፈረስ ቀጥ አለች። ጥምዙን ዞርን። ሰፋ ያለ ቦታ ስናገኝ ጥግ ይዘን ጫት ጫኙን አሳለፍነው። ጋሽ ግዛው ሞተሩን ሳያጠፉ ግንባራቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። እኔ እጄን ከዘንጉ ማላቀቅ አቃተኝ። ከዚያ ቀስ ብለን፣ በሁለተኛ እንዳለን፣ እስከ ታች ወረድን።

ገዢው ድሬዳዋ ላይ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጎንበስ ብሎ ጋሽ ግዛውን ሰላም አለና፣ መኪናዋን ሳይነካ መጀመሪያ ዞራት። ሲገባባትም አንደኛን ያለ ድምፅ አስገባ። መንገዱን ይዞ ሲሄድ ጋሽ ግዛው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ዝቅ ብሎ እንደገና ተነሣ።

«ሁለተኛ ገባ» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ጋሽ ግዛው በማግሥቱ ፈረስ መጋላ ሄደው ሐጂ አብዱራሂምን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው ጨበጧቸው፤ ሐጂ ያን እጅ ይዘው ሱቃቸው በር ላይ አለቀሱ። «ለዚህ እጅ ብዬ ተቀየምኩህ፤ አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ!» ገንዘቡ ለሕክምናና ለቤቱ ጣሪያ ሆነ፤ የተረፈው እትዬ አስካለ ጋ ነው። ለሌላው ሕዝብ ግን ጋሽ ግዛው እስከ መጨረሻው አልተናገሩም፤ እኛም እንዳንናገር አስማሉን። ከተማው መኪናዋን በውድ ሽጠው ገንዘባቸውን እንደ ደበቁ አመነ። ሁለተኛው ሕመም ሲመጣባቸው ቀን ነበር፣ አልጋቸው ላይ ነበሩ፣ ብዙም አልተሰቃዩም።

እኔ ግን እሳቸውን ሳስብ የሚመጣብኝ የዚያ ቀን መልስ ጉዞ ነው። ከድሬዳዋ በሚኒባስ ተመለስን። የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጨናንቀናል፤ እሳቸው በመስኮቱ በኩል፣ እኔ አጠገባቸው። የደንገጎን ዳገት ስንጀምር ሾፌሩ ማርሹን ገጭ አድርጎ አስጮኸው። ሁለታችንም እኩል፣ እንደ ተቆነጠጠ ሰው፣ ከወንበራችን ብድግ አልን። ዳግም አስጮኸው። ዳግም ብድግ። ተያየን። መጀመሪያ እሳቸው ናቸው የሳቁት፤ ከዚያ እኔ፤ ማቆም አቃተን፤ እንባችን ወረደ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ተይው ልጄ» አሉኝ፤ «የሰው መኪና ነው።»

ይህን ብለው ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና ተኙ። ያን የመሰለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም፤ ማርሹ ቢጮኽ፣ ጎማው ጉድጓድ ቢመታ አይሰሙም። ሐረር ስንገባ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወራጅ!» ሊል አፉን ሲከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩለት። አየንና፣ በሩን ቀስ አድርጎ መልሶ ገጠመው።